ጎተራ የመሰለችው ምልክት

ደብረ ታቦር ውስጥ ሦስት ሆነን የከብት ክትባት የሚመዘገብበት የስልክ መተግበሪያ ሠራን። እርስ በርሳችን ስንሞክረው እንከን አልነበረውም። አንበሳሜ አጠገብ ለሚኖሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ስልካቸው ላይ ጫንንላቸውና በሳምንቱ ልናያቸው ሄድን።

«አባባ፣ እንዴት ነው? ሠራልዎት?»

«ያስገባሁትን ሁሉ ይበላዋል» አሉኝ ቅር ብሏቸው።

እያየሁ እንዲመዘግቡ ለመንኋቸው። የላሟን መልክና የክትባቱን ቀን ቀስ ብለው ጻፉ። ከዚያ ጣታቸው በቀጥታ ወደ ማጥፊያው ምልክት ሄደ። እኔ ራሴ የሣልኋት፣ ክዳን ያላት የቆሻሻ ቅርጫት ነበረች።

«አባባ፣ ይህችን ለምን ነኳት?»

«ጎተራ አይደለችም እንዴ? ታዲያ የት ላስቀምጠው?»

አፈርሁ፤ ሳቄም አመለጠኝ። ነገሩን ስናስረዳቸው ከሁላችንም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው። እዚያው ደጃፋቸው ላይ ላፕቶፑን ከፍተን ቅርጫቷን አነሳንና «አጥፋ» የሚል ቃል ተካንባት። ማስቀመጫው ላይ ደግሞ እውነተኛ ጎተራ ሣልሁ፤ ጣሪያው እንዲህ ይሁን እያሉ ያረሙኝ እሳቸው ናቸው። እንደገና መዝግበው ስልኩን ዘግተው ሲከፍቱት ላሟ እዚያው አለች።

«አሁን ገና ሰው ሆናችሁ!» አሉን።

ከዚያ ወዲህ ሦስታችን ብቻ የሞከርነውን ሥራ አለቀ ብለን አናውቅም።