በእረፍት ሰዓት የተቋረጠችው ዘፋኝ

ሊይዙኝ የመጡት በእረፍት ሰዓት ነው። መርሳ ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ድሮ የተሰበረ ዴስክ ይከማችባት የነበረች ጠባብ ክፍል፣ አንድ አሮጌ ማጉያና ግቢው ውስጥ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ስፒከሮች ነበሩኝ፣ በቃ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ስሜን ጠርቶ እኔ መሆኔን ጠየቀኝ። ሌላው ሶኬቱን ነቀለው። ውጭ ስትዘፍን የነበረችው ሴት መሐል ላይ ቀረች።

ዘፋኟ ፈረንሳዊት ናት። ከኋላዋ ትልቅ ኦርኬስትራ አለ፤ ሙዚቃው ዘመናዊ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ዜማው ቶሎ የማይያዝ። አንዲት ባልደረባዬ በፍላሽ ሰጥታኝ ለብቻዬ ሳጠናው ቆየሁ፤ ከዚያ ያን ሳምንት ሙሉ በእረፍት ሰዓት አሰማሁት። ወደ መጨረሻው ላይ ኦርኬስትራው ዝም ይልና ሴትዮዋ ብቻዋን የምትወርድበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ አምባሰል የሰማሁ መሰለኝ። ተማሪዎቼም ይህን እንዲሰሙት ፈለግሁ። የመጀመሪያ ቀን ሳቁብኝ። በአራተኛው ቀን አንዳንዶቹ ዛፉ ሥር ቁጭ ብለው ያደምጡ ጀመር። በአምስተኛው ቀን ያ ቦታ ሳይደርስ ሶኬቱ ተነቀለ።

በፒክአፕ ወደ ወልድያ ወሰዱኝ። ሲሪንቃን ስናልፍ የግብርና ምርምሩ የሙከራ ማሳ ውስጥ ሰዎች ለዘር በተመረጠ ማሽላ ራስ ላይ የወረቀት ከረጢት ያስራሉ። ሥራ ላይ መሆናቸው አስቀናኝ።

ያስገቡኝ ቤት የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ጥራጥሬው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታውና ነቀዙ ግን አልወጡም። ሠላሳ ያህል ሰው ነበርን። ደንቡ እንደሆነ አዲስ የገባ በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ይተኛል፤ ሰው በተፈታ ቁጥር ወደ ግድግዳው ይጠጋል። የግድግዳው ጥግ የአንድ ሽማግሌ ነበር። ከሀብሩ ገጠር የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም ሼሁ እንላቸዋለን። የታሰሩት ማንነታቸውን ያልጠየቋቸውን እንግዶች አሳድረው ነው። ከጎናቸው የወልድያ መካኒክ ነበረ፣ ማተቡ ግሪስ የጠገበ፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

«በምን መጣህ?» አለኝ መካኒኩ።

«በዘፈን።»

«የማን ዘፈን?»

«የፈረንሳይ።»

ትንሽ አሰበና ወደ ሼሁ ዞረ። «አባቴ፣ እኛስ የታሰርነው ባገራችን ነገር ነው» አላቸው። ሼሁ ፈገግ ብለው «አብሽር የኔ ልጅ፣ ቁጭ በል» አሉኝና ጋቢያቸውን አነጠፉልኝ። በነጋታው መርማሪው ዘንድ ተጠራሁ።

መርማሪው የሚጮህ ሰው አልነበረም። ውሃ ሰጠኝ፤ ከዚያ ሙዚቃውን በላፕቶፕ ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አደመጠ። ደብተሬም እጁ ገብቷል። ሙዚቃውን ሳጠናው «2:40 ሴቷ ትጀምራለች፤ 4:15 ሁሉም ይገባሉ፤ 9:05 ጸጥታ» ብዬ ጽፌበት ነበር።

«አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ሁሉም የሚገቡት የት ነው?» አለ።

«ደቂቃ ነው። ቫዮሊኖቹ የሚገቡበት ደቂቃ።»

«ሴትዮዋ ምንድነው የምትለው?»

«አላውቅም። ፈረንሳይኛ አልችልም።»

«የማታውቀውን ቋንቋ ለዚያ ሁሉ ተማሪ ታሰማለህ? ይህን ማን ያምንሃል?»

እውነቱን ለመናገር፣ እሱ ሲለው የራሴ መልስ እኔንም አላሳመነኝም። ከዚያ አንድ ወረቀት ገፋልኝ። ብዙ ነገር አልተጻፈበትም፤ «ቅጂውን የሰጠህ ሰው ስም ከነአያት» ይልና ባዶ መስመር ይከተላል። «ስሙን ጻፍና ሰኞ ክፍልህ ትገባለህ። እስከ ዓርብ አስብበት» አለኝ።

ባልደረባዬ ያን ጊዜ አራስ ነበረች። ፍላሹን የሰጠችኝ ወሊድ ፈቃድ ልትወጣ ስትል ነው፤ ሦስት ሳምንት ያልሞላው ልጅ ታቅፋ ቤቷ ተኝታለች። ይህን እያወቅሁ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ባልዲው አጠገብ ተጋድሜ ስሟን በልቤ ደጋግሜ ጻፍኩት፣ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ። ለእሷ ማስረዳት ይቀላታል፣ ሴት ናት፣ አራስ ናት፣ ቶሎ ይለቋታል እያልኩ። ፈርቼ ነበር። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ ሼሁ እንደ ልማዳቸው መንዙማ አወጡ። ሰው እንዲሰማቸው አይጮሁም፤ ዝቅ አድርገው ነው። ያወቀውም ያላወቀውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀበላል። መካኒኩ ባዶ የውሃ ጀሪካን ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ ድቤ ይመታል፤ ለዚህስ ተፈጥሯል። ሲጨርሱ ሼሁ ወደኔ ዞሩ።

«እስቲ የታሰርክባትን አውጣት፣ መምህር።»

«ቃሉን አላውቀውም፣ አባቴ።»

«ቃሉን ማን ጠየቀህ? እኔ ልጅ ሆኜ መንዙማ ስቀበል የአረብኛው ፍቺ መቼ ይገባኝ ነበር?»

«እኛስ ቅዳሴ ስንቆም ግእዙን መች ሰማነው?» አለ መካኒኩ። «አሜን ለማለት ግን ማንም አልቀደመኝም።»

ድምፄ ጥሩ አይደለም። ቢሆንም እዚያው ቁጭ ብዬ ጀመርኩ፤ ቃል ሳይሆን የቃሉን ድምፅ ብቻ፣ ጆሮዬ ላይ እንደቀረው። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡና አራት ሰዎች መርጠው ከሥር አንዱን ድምፅ ይዘው እንዲያጉረመርሙ አደረጉ። ኦርኬስትራ ሆኑ። መካኒኩ ጀሪካኑን ያዘ። እኔ ብቻዬን የምወርድበት ቦታ ሲደርስ ሁሉም ዝም አሉ፤ ማንም አልነገራቸውም። እስከ መጨረሻው ወረድኩት። ከታሰርኩ ጀምሮ ያን ያህል ሰው የመሆን ስሜት ተሰምቶኝ አያውቅም።

በሩ ተደበደበ። ጠባቂው ገባ፤ አነጋገሩ ያገር ልጅ መሆኑን ያሳብቃል።

«ምንድነው እሱ? አውጪው ማነው?»

አንድም ሰው ወደኔ አላየም። እኔ ልነሣ ስል መካኒኩ ጉልበቴን ወደ ታች ተጫነው።

«እዚህ ያለነው ተቀባዮች ነን ልጄ» አሉ ሼሁ። «አውጪዋ ፈረንሳይ አገር ናት አሉ።»

«አባቴ፣ አይቀልዱ። ስሙን ይንገሩኝና ሌላው አይነካም።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንተስ የኛን ልጅ ስም ምን ታደርግበታለህ?»

ጠባቂው ለሁለት ቀን ፀሐይ መውጣት ተከልክላችኋል ብሎ በሩን ዘጋው። ሠላሳ ሰው በቀን አንዴ የሚያገኛትን ፀሐይ በእኔ ዘፈን አጣ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት መካኒኩ «ተወው፣ እኔ እንደሆነ ጠቁሬ ጨርሻለሁ» አለና ወደ እንቅልፉ ዞረ። የመርማሪው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበረች። ምን እንደምጽፍባት ያን ጊዜ አወቅሁ።

ዓርብ መርማሪው ፊት ተቀምጬ እስክሪብቶ ጠየቅሁ። ባዶው መስመር ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ፣ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ አንዱንም ፊደል ሳላጣድፍ።

አነበበው። «ይህ ያንተ ስም ነው።»

«አዎ።»

«ለራስህ ራስህ ሰጠኸው?»

«ያሰማሁት እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም።»

«ሰኞ መግባት ትችል ነበር» አለ። እንዳዘነልኝ ያስታውቃል፤ ይህ ከስድብ የበለጠ ከበደኝ። ወረቀቱን ማኅደሩ ውስጥ ከተተው፤ እኔም ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። አራት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ስወጣ ከበሩ ሥር ተነሥቼ ግድግዳው ዘንድ ደርሼ ነበር። ፍርድ ቤት አልቀረብኩም፤ ፍላሹም አልተመለሰልኝም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ባልደረባዬ ልጇን አዝላ ሚኒ ሚዲያው ክፍል መጣች። በሩን ሳትዘጋ፣ መምህራንም ተማሪዎችም እያዩ ሌላ ፍላሽ እጄ ላይ አስቀመጠች። «ያኛውንም የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። በእረፍት ሰዓት ከፈትነው። በዚህ ጊዜ ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ዘፈነች።

ባለፈው ሐሙስ ሼሁን ልጠይቅ ወደ ሀብሩ ገጠር ወጣሁ። እሳቸውም ከተፈቱ ቆይተዋል። ሙዚቃውን በስልኬ ከፈትኩላቸው፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው ሁሉንም ሰሙት።

«ደህና ነው» አሉ። «ጀሪካኑ ግን ጎድሎታል።»

ሳቅን። ከዚያ ሙዚቃውን የሰጠችኝ ማን እንደሆነች ልነግራቸው ፈለግሁ። እሷም ራሷ በአደባባይ ተናግራዋለች፣ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። «አባቴ፣ ያኔ ሁላችሁም ፀሐይ ያጣችሁባትን ዘፈን የሰጠችኝ ሰው...» ብዬ ጀመርኩ።

እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «አላህ ይስጣት» አሉ። «ስሟን እዚያ ያልጠየቅሁህን እዚህ አልጠይቅህም። ይልቅ ድገማት፣ ያቺን ብቻዋን የምትወርድበትን።»

ደገምኩላቸው።