ሸራ ላይ የተደረደረው ሞተር

ሸጎሌ አንድ ጋራዥ በር ላይ ነጭ ጋዝ ሸተተኝና ቀጨኔ ያለው የድሮ ግቢያችን ትዝ አለኝ።

የአየር ኃይል ሜካኒክ የነበሩት አያቴ፣ አባባ፣ የጥንት ተዋጊ አውሮፕላን ሞተር ሊያድሱ ፈታትተው፣ እያንዳንዱን ዕቃ በነጭ ጋዝ አጥበው ሸራ ላይ በተራ ደርድረውት ነበር። «ተራው ከተፋለሰ ቁርጥራጭ ብረት ነው» ይሉኝ ነበር።

ሚስታቸው እማማ የሞቱ ለት ከቀብር ስንመለስ የእድር ሰዎች ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክለው ጠበቁን። ሸራው ተጠቅልሏል፤ የሞተሩ ዕቃ በሙሉ ጆንያ ውስጥ ተገልብጧል።

«ጋሼ፣ ለቀስተኛው እንዲቀመጥ ግቢውን አጸዳንልዎ» አለ ጎረቤታችን።

አባባ ጆንያውን አዩት። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ደከማችሁ» አሉ።

መቃብሩ ላይ እንባ ያልወጣቸው ሰው ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሰዉም ለእማማ መስሎት አብሮ አለቀሰ። እኔ ለማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።