አባቴ በጋቢው የያዘው ተራራ

ዛሬ አሶሳ፣ አዳራሽ ውስጥ ፊልም ሳይ ዓይኔ ከስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ አልነቀል አለኝ። አባቴን ፍለጋ ነው።

በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተን እዚህ በሰፈርን ሰሞን፣ ተንቀሳቃሽ ሲኒማ መንደራችን መጣ። የሰፊ ፊልም ሌንስ ምስሉን ግራና ቀኝ ይዘረጋዋል፤ በስክሪን ፋንታ የተወጠረው አንሶላ ግን ጠባብ ነበር።

ተራራ ሲመጣ ግማሹ ከአንሶላው ውጭ ጨለማ ውስጥ ቀረ። አባቴ ተነስቶ ቀኝ ጠርዙ ላይ ቆመና ምስሉ እንዲያርፍበት ጋቢውን ዘረጋለት።

«ኧረ ተቀመጥ፣ ሰው ይስቅብሃል!» አለች እናቴ።

«ተራራ ሲወድቅ ዝም ብዬ ልይ?»

(ተራራው እኮ የፈረንጅ ነው፤ በረዶ ሁሉ ነበረው!)

አባቴ ወሎን ዳግም ሳያይ እዚሁ አረፈ። የዛሬው ስክሪን ሰፊ ነው፤ ጋቢ የሚዘረጋለት ሰው አያስፈልገውም።

እናንተ መንደር ከአንሶላው የተረፈውን ማን ያዘው?