የፑል ቤቱ አየር

ወልቂጤ ውስጥ ፑል ቤት እሠራለሁ። ኳስ እደረድራለሁ፣ ተራ አስይዛለሁ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እቦርሻለሁ። አስም አለብኝ። አጭሼ አላውቅም፤ ጭሱ የደንበኞቹ ነበር። ሐኪሟ ሥራውን እንድተው መክራኝ ነበር። ብተወው መመለሻዬ ገጠር፣ ቸሃ፣ ለወንድሜ ለራሱ በማይበቃው መሬት ላይ ነው።

ያኔ የመረጥናቸው የምክር ቤት አባል ምክር ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ መጥተው፣ ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ስለሚከለክለው ረቂቅ ሕግ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ አነጋገሩን። የፑል ቤቱ ባለቤት፣ አለቃዬ፣ ተነሣ።

"እኅቴ፣ ቤቱ የኔ፣ ግብር ከፋዩ እኔ፤ አየሩንም ፓርላማ ሊያዝበት ነው?"

አዳራሹ ሳቀ። የምክር ቤት አባሏም ሳቁ።

"ጋሼ፣ አገር ቤት ደጅዎ ያለውን ጀፎረ አጥረው ያውቃሉ?"

ጀፎረ በየመንደራችን በቤቶቹ መካከል የተዘረጋው የጋራ ሜዳ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው፣ ማንም አይቆርሰውም።

"እኔ? ወንድሜ እንኳ አንዲት ክንድ ቢገፋ ሽማግሌ ነው የምጠራበት!"

"ሰው የሚሰበሰብበት ቤት አየርም እንደዚያው ነው። የሚሠራልዎት ሰው አለ?"

አለቃዬ ወደ እኔ ጠቆመ።

"ስንት ሰዓት ይቆያል?"

"ከጠዋት ሦስት እስከ ማታ ሦስት" አለ። ከዚያ ዘወር ብሎ አየኝና ተቀመጠ።

ሕጉ ወጣ። ከተማው በአንድ ቀን አልተለወጠም፤ ዛሬም የሚጨስባቸውን ቤቶች አውቃለሁ። የእኛን መተርኮሻዎች ግን አለቃዬ ራሱ ሰብስቦ አወጣ። የሚያጨስ ከበሩ አሥር ሜትር ይራቅ የሚለውን እኔ ለካሁ፤ ሥጋ ቤቱን አልፎ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ደረሰ። በዚያው ሰሞን አንድ የቡታጅራ ነጋዴ እንደለመደው ለኮሰ።

"ጋሼ፣ ውጪ ቢሆን..." አልኩት።

"ምነው፣ ፓርላማ እዚህ ገባ እንዴ?"

"ገብቷል" አለ አለቃዬ ወደ እኔ እያሳየ። "ያውልህ፣ ኳስ ይደረድራል። በል ባጃጆቹ ጋ!"

ነጋዴው እየሳቀ ወጣ። ተራውን ጠበቅኩለት።

የሚሳበው መድኃኒት አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው፤ የማወጣው ግን አቧራ ሲነሣ ወይም ጉንፋን ሲይዘኝ ነው። ሥራዬ ላይ አለሁ።

ባለፈው እረፍታቸው የምክር ቤት አባሏ ፑል ቤቱ ብቅ አሉ። ስንት ጊዜ ያሰናዳሁት ምስጋና ጠፋኝና "ተጋጣሚ ልፈልግልዎ?" አልኩ።

"አንተስ?"

ተጫወትን። አይችሉበትም፤ ነጩን ኳስ ደጋግመው ጉድጓድ ከተቱት። እኔ ጨዋታውን በሙሉ አንዴም ሳልስል ጨረስኩ። ሲወጡ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው።

"ያሸነፍከኝ አንተ! ምን አድርጌልህ?" አሉኝ።

መልሱ ረጅም ነበር። በሩን ከፈትኩላቸው።