የከሙን መጠቅለያ

ሉጥፊያን ከአስራ አንድ ዓመት በላይ አውቃታለሁ። እኔ ፍቅርተማርያም እባላለሁ፤ ካርቱም አል-ሳሃፋ ውስጥ ከሰፈሩ ሱቆች ሁሉ ጠባቧን ይዤ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ሳሙና እሸጣለሁ፣ ቅመም እሸጣለሁ። ከባንኮኒው ሥር ደግሞ የራስ ምታት፣ የጉንፋንና የጨጓራ መድኃኒት የማስቀምጥበት አንድ መሳቢያ አለኝ። የመድኃኒት ፈቃድ የለኝም። እንደኔ ያለው ሱቅ ሁሉ እንዲሁ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ነገሩ ውሸት አይደለም፤ ግን መጽናኛም አልሆነኝም።

ሉጥፊያ የወሎ ልጅ ናት፣ የሐርቡ። በመተማ በኩል መጥታ አርካዊት በሚባለው ሰፈር አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ውስጥ ሠራተኛ ሆና ገባች። ደረጃውን በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። የምትበላው ሰው ሁሉ በልቶ፣ ዕቃው ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም ቆማ፣ የተረፈ ፉል በሚጥሚጣ። ከዚያ ወዲያው ትተኛለች። በዚህ ኑሮ የማን ጨጓራ አይቃጠልም?

ዕረፍቷ ዓርብ ነው። አንድ ዓርብ፣ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ደረቷን ይዛ ሱቄ ገባች። ያኔ ገና ብዙም አንተዋወቅም።

«እትዬ፣ ቃሩ ገደለኝ» አለች። «አምና አራት ቀን አፈረስኩ። እነሱ እየጾሙ እኔ ወጥ ቤት ውሃ ስጠጣ እመቤቴ ሲትየዋ አየችኝ። ዘንድሮም ካፈረስኩ ዋላሂ መሞት ይሻለኛል።»

የሚያስለቅሳት ሕመሙ ሳይሆን ኀፍረቱ ነበር። አሳዘነችኝ። ከመሳቢያዬ አስር ፍሬ ኦሜፕራዞል አውጥቼ፣ «ለሱሁር ስትነሺ፣ ሳትበዪ በፊት አንዷን ዋጪ» አልኳት። እኔም ለጨጓራዬ ወስጄው ነበር፤ ዕውቀቴ ይኸው ነው። አስሩ ሲያልቅ ተመልሳ መጣች፣ ሌላ ሰጠኋት። ወሩን ሙሉ ጾመች። ለኢድ ብስኩት ይዛ መጥታ እጄን ልትስም ታገለችኝ። «ጾሜን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ» ብላ መረቀችኝ። ደስ አለኝ፤ ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ረመዳን መጠበቅ ቀረ። ባቆመችው ቁጥር ቃሩ ብሶበት ስለሚመለስ አታቆመውም። ዓርብ ዓርብ ትመጣለች፤ ከእሽጉ ላይ ሰባት ፍሬ በመቀስ ቆርጬ እሰጣታለሁ። ካርቶኑን እጥላለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ግን አልጥለውም፤ ቀጭንና ንጹሕ ስለሆነ እንደ ቀንድ ጠቅልዬ ከሙን እሞላበታለሁ። አረብኛ እንደ ውሃ እናገራለሁ፣ ፊደሉን ግን አልቆጠርኩም። እሷም አልቆጠረችም። መድኃኒቷን በአንድ እጇ፣ ከሙኗን በሌላው ይዛ ትወጣ ነበር።

«እናንተ ክርስቲያኖች ዘይቱን እየጨለጣችሁ ጾምን ትላላችሁ» ትለኛለች።

«እናንተስ? ቀን የተዋችሁትን ማታ በእጥፍ» እላታለሁ። አፏን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች። እዚህ አገር እህት አልነበረኝም፤ እሷ ሆነችልኝ።

አምና እግሯ ያብጥ ጀመር። ቀጥሎ ያንኑ ደረጃ ስትወለውል ወደቀች። ሆስፒታል አብሬያት ነበርኩ። ኩላሊቷ ነው ተባለ።

«ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?» አላት ሐኪሙ።

«ምንም። የቃር ብቻ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አስራ አንድ ዓመት።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አንዳንድ ሰው ላይ ኩላሊት ሊጎዳ እንደሚችል ነገረን። የሷ በዚያ ምክንያት ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል፣ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው እንደሚችል ጨመረ። «ለመሆኑ ያለ ሐኪም ይህን ያህል ዓመት ውሰጂ ያለሽ ማነው?» ሲላት ሉጥፊያ ሻሿን ማስተካከል ያዘች። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

ኩላሊቷ አልተመለሰም። በሳምንት ሁለት ቀን ደሟ በማሽን ይታጠባል። ሲትየዋ «ማዓሌሽ፣ ይቅርታ» ብላ ልብሷን በፌስታል ሰጥታ አሰናበተቻት። ማዮ ሰፈር ውስጥ ሬሕማ ከምትባል የአገሯ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተጋሩ። በእጥበቷ ቀን ሱቄን ዘግቼ በሪክሻ አደርሳታለሁ፣ እስክትጨርስም እጠብቃታለሁ። ሌላ የምክሳት ነገር አልነበረኝም።

ወሬውን ያመጣችው ሬሕማ ናት። አርካዊት ውስጥ ኡስታዝ ጂብሪል የሚባል ጠበቃ በዚህ መድኃኒት ተጎዳን የሚሉ ሰዎችን እየመዘገበ ነው። አስመጪው ኩባንያ በወጉ አላስጠነቀቀም ብሎ ሊከስ ነው። ከተረታ ሕክምናቸውን ይሸፍናል። ሉጥፊያ ይህን ስትሰማ ከወራት በኋላ ፊቷ በራ። አገሯ ገብታ፣ እናቷ አጠገብ ሆና ልትታከም ነው። ማክሰኞ ዕለት ደግፌያት ሄድኩ።

ኡስታዙ የሆስፒታሉን ወረቀት አገላብጦ አየና ከመሳቢያው ሌላ ቀጭን ወረቀት አወጣ። «ይህን አይተሽው ታውቂያለሽ?» አላት።

ሉጥፊያ ተቀበለችው። «አውቀዋለሁ። ከሙን የሚጠቀለልበት ነው» አለች።

የቀለደች መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ አነበበልን። ሐኪም ሳያማክሩ ከአራት ሳምንት በላይ እንዳይወስዱ ይላል። ስለ ኩላሊት አንድም ቃል የለበትም፤ ክሱም በዚሁ ነው። አራት ሳምንት። ስንት ዓመት ስጠቀልለው ኖርኩ።

«አንድ ነገር ይቀረናል» አለ ኡስታዙ። «የዚህ ኩባንያ መድኃኒት መሆኑን ማስረዳት አለብን። የሸጠልሽ ሰው ቀርቦ ይህን ያህል ዓመት ሸጬላታለሁ ብሎ ይማል። ማነው የሸጠልሽ?»

ልናገር ነበር። ፈቃዴን ቢጠይቁኝስ? ሱቄ ይታሸጋል፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ይነጠቃል፣ ሃያ ሁለት ዓመቴን ትቼ በመተማ እሸኛለሁ። ከራስ በላይ ነፋስ ይላል አገሬ።

ሉጥፊያ ወደኔ አልዞረችም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት እያየች ቆየች። ያ ቆይታ ለኔ የተሰጠ ጊዜ መሆኑ ገብቶኛል። አልተጠቀምኩበትም።

«አላስታውስም፣ ኡስታዝ። ካገኘሁበት ነበር የምገዛው» አለች በመጨረሻ።

«ይቺስ ሴትዮ?»

«እህቴ ናት። እንዳልወድቅ ደግፋኝ ነው።»

«መዝገቡ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል» አላት። «እስከዚያ ካስታወስሽ ነይ።»

ሪክሻው ላይ ለምን እንደደበቀችኝ ጠየቅኋት።

«አንቺን አሳልፌ ልስጥ እትዬ?» አለችኝ። «ሻሂድ፣ ምስክር የሚሆን ሰው በራሱ አፍ ነው የሚናገረው። እስከ ሐሙስ ጊዜ አለ። ኢንሻላህ።»

ይህን ስትል ቂም አልነበረባትም። ትጠብቀኝ ነበር፣ የገደለኝም እሱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ንጹሕ ልብስ ለበስኩ፣ ነጠላዬን ደረብኩ፣ ኢቃማዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከመውጣቴ በፊት አንዲት ሴት ለሳሙና መጣች፣ ሸጥኩላት። ሌላ መጣ። እኔ ከተባረርኩ እጥበት የሚያደርሳት ማነው የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ደህና ምክንያት ነው፤ ግን ከዚያን ጠዋት በፊት አስቤውም አላውቅ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጠላዬን አውልቄ አጠፍኩት።

በማግስቱ ሉጥፊያ በሬሕማ ተደግፋ መጣች። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠቧል። ስለ ሐሙስ አልጠየቀችኝም። ሉጥፊያ ሰው መጥቶ እንደሆነ ለመጠየቅ ኡስታዙ ጋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሦስት ጊዜ ደውላ እንደነበር ሬሕማ ኋላ ነግራኛለች።

«ከሙን አለሽ እትዬ?» አለች።

እጄ እንደ ልማዱ ወደ መሳቢያው ሄደ። ወረቀት የለም። ረቡዕ ዕለት እኔው ራሴ አቃጥዬዋለሁ፣ አንድም ሳላስቀር። ታዲያ ሐሙስ ነጠላ የለበስኩት ለማን ነበር? ከሙኑን በፌስታል ቋጠርኩላት። ፌስታሉን አየችው፣ እኔንም አየችኝ።

«አላህ ይስጥሽ» አለችኝ፣ ሁልጊዜ እንደምትለው። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኞ እጥበት አለባት፤ ሱቄን ዘግቼ አደርሳታለሁ።