ለሽማግሌው የተነሣንበት ኬላ

ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመንቀሳቀሻ ትእዛዝ ደረሰን። ከአስኮ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተን ኬላ እንድንይዝና እስከ ማግስቱ እንድንጠብቀው ነበር የታዘዝነው። እውነተኛ ጠላት አልነበረም። ባሕር ማዶ ለሚጠብቀን የሰላም ማስከበር ግዳጅ የመጨረሻው ልምምድ ነበር። አዲስ የሚገቡ ልጆች ግንባር ምን ይመስላል ብለው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የምነግራቸው ስለዚያ ጉብታ ነው። አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል።

አንድ ጓድ፣ ዘጠኝ ሰው ነበርን። መሪያችን ሃምሳ አለቃ ታምሩ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ለውጭ ግዳጅ ታጭቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጓዱ በልምምድ ወድቆበት ቀርቷል። ዕድሜው ስለገፋ ሌላ ዕድል እንደማይኖረው ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ራሱ ግን ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሣም። ሬዲዮው በእኔ እጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስለጨረስኩና የግዳጁ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው የሰጡኝ። መናገር እንደምፈራ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አየር ጤና ባለው ቤተ ክርስቲያናችን፣ በወጣቶች ኅብረት ላይ «በጸሎት ዝጊ» ስባል አጠገቤ ያለችውን ልጅ በክርኔ የምጎሽም ሰው ነኝ።

ረፋዱ ላይ ምሽጉን ጨረስን። አሸዋ የሞላንባቸውን ጆንያዎች ደረት ድረስ ደረደርን፤ መንገዱ ላይ አንድ ረጅም አጣና አጋደምን። የታክሲ ረዳቶችን ጥሪ ነፋሱ እየቆራረጠ ከታች ያመጣልናል። ቀልደኛው በረከት የአስኮ ልጅ ነው። «ባሕር ማዶ ያላችሁት ይሄ ነው?» አለ። «እናቴ ምሳ ስትጠራኝ ይሰማኛል እኮ።»

ስድስት ሰዓት ገደማ አንድ ሽማግሌ ዳገቱን ወጡ። አባባ ዘለቀ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ የመንደር ሰው ሆነው እንዲያስመስሉ ተጠርተው ነው የመጡት። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት የታዩት ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ ዳገቱ ያደከማቸው አባት ሆነው ነው። ያዩአቸውም ስምንቱ ናቸው። እኔ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ፣ ከማዘዣ ጣቢያው መልእክት እጠብቅ ነበር።

አጣናው ጋ ሲደርሱ ሃምሳ አለቃ ታምሩ ከምሽጉ ተነሣ። «ኖር አባባ» አለ። ሌሎቹም ተነሡ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ትልቅ ሰው ቤት ሲገባ ሁላችንም እንደምናደርገው ነው። አንዱ አጣናውን አነሣላቸው። አንዱ ጠመንጃውን ጆንያ ላይ አስደግፎ ክንዳቸውን ያዘ። በረከት የተቀመጠበትን የጥይት ሣጥን ለቀቀላቸው። ሽማግሌው «በእግዜር» ብለው ተቀመጡ። ከጋቢያቸው ሥር ቀይ ቀለም የተቀባ የዱቄት ወተት ጣሳ አውጥተው እግራቸው ሥር አኖሩ።

«እንዳትቀየሙኝ ልጆቼ» አሉ።

ከጥግ ሆኖ ልምምዱን የሚከታተለው ዳኛ ፊሽካ ነፋ። ቀዩ ጣሳ ቦምብ ነበር። ቆመው የተገኙት በሙሉ ሞቱ። ከጆንያው ጀርባ ዝቅ ብዬ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ተረፍኩ። ድምፃቸውን ብሰማ ኖሮ እኔም እነሣ ነበር።

በልምምዱ ሕግ የተረፈ ሰው ይመራል። ሟቾቹ በነበሩበት ተጋደሙ። መነጋገሪያውን ያዝኩ፤ ቃል ግን አልወጣኝም። ማዘዣ ጣቢያው ደጋግሞ ይጠራናል።

«ተናገሪ እንጂ፣ ፀሐዩ ጠበሰን» አለ በረከት ዐይኑን ሳይገልጥ።

«ሬሳ አያወራም» አለው ዳኛው።

ሃምሳ አለቃ ታምሩ በጀርባው ተኝቶ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ሦስተኛው ዕድሉም እንዳመለጠው የቆጠረው ይመስላል። ያን ጊዜ ቁልፉን ተጫንኩ። የደረሰብንን ተናገርኩ። የሟቾቹን ስም ጠየቁኝ። አንድ በአንድ ጠራሁ፤ መሐል ላይ ድምፄ ተቆረጠና እንደገና ጀመርኩ። ሞቱ የልምምድ ነው። ስማቸው ግን እናቶቻቸው ያወጡላቸው ስም ነበር።

ጠላት ሆነው የተመደቡት ከባሕር ዛፉ ውስጥ ተኩስ ከፈቱ። ብዙ ሰው ያለ እንዲመስል ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየተሳብኩ ባዶ ጥይት ተኮስኩ። በየመሐሉ ሬዲዮው ላይ ያለንበትን ሁኔታ አሳውቃለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጋዥ ጦር ደረሰልን። ኬላው በጠላት አልተያዘም። ሟች ስምንት።

ልምምዱን የሚመራው አዛዥ ብዙ አልተቆጣንም። ኬላው ስላልተያዘ አንድ ዕድል ሰጠን፤ በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ይመለሳሉ። ከተሳሳትን በእኛ ቦታ ሌላ ጓድ ይሄዳል።

እራት ላይ ተከራከርን። አንደኛው ከሩቅ ጠመንጃ ደግነን እናስቁማቸው አለ። ሃምሳ አለቃ ታምሩ አልተቀበለውም። ከእኛ በፊት የነበረው ጓድ እንዲያ አድርጎ፣ በዳኛው «ሽማግሌው አዝነው ተመለሱ፤ መንደሩም በሙሉ ለጓዱ ጀርባውን ሰጠ» ተብሎ ወድቋል። እንግዲያው ዝም ብለን እንቀመጥ አለ ሌላው። በረከት ይህን እንደማይችል ተናገረ፤ እሱ ቢተኛ እንኳ እግሩ ብቻውን ይነሣል። ሣቅን። ከሣቁ በኋላ፣ ራሴም ሳልጠብቀው፣ ኖር ለማለት የግድ መነሣት አለብን ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

ሃምሳ አለቃ ታምሩ ሳህኑን አስቀምጦ አየኝ። «የተረፍሽው አንቺ ነሽ» አለ። «ነገ አንቺ ምሪን።»

ዓርብ ጠዋት ጉብታው ላይ ጭጋግ ነበር። ሽማግሌው በዚያው ጋቢ፣ በዚያው ከዘራ መጡ። አጣናው ጋ ሲደርሱ ከጆንያዎቹ ጀርባ «ኖር አባባ» የሚል የስምንት ሰው ድምፅ ወጣ። አንድም ራስ አልታየም። አባባ ዘለቀ ማን እንደተናገራቸው ለማወቅ ወዲያና ወዲህ አዩ።

ብቻዬን ወጥቼ ከአጣናው ወዲህ ቆምኩ፤ እጅ ነሣኋቸው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳይፈተሹ አላሳልፍዎትም።»

«የልጅ ልጄ የምትሆኚ ልጅ፣ እኔን?»

ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ቢሆንም አልተቆረጠም። «ከኋላዬ ያሉትም ልጆችዎ ናቸው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ከዘራቸውን አጣናው ላይ አስደግፈው ጋቢያቸውን ራሳቸው ገለጡ። ወንድ የሚፈትሸው ወንድ ስለሆነ በረከትን ጠራሁት። ቀዩን ጣሳ በሁለት እጁ ተቀብሎ ከመንገዱ አርቆ አኖረው። ማለፋችንን የሚያበስር ፊሽካ ተነፋ። ሽማግሌው ወደ ጆንያዎቹ ዞረው፣ ማንንም ሳያዩ፣ «በእግዜር» አሉ።

መነጋገሪያውን አንሥቼ ማዘዣ ጣቢያውን ጠራሁ። ሟች የለም አልኩ። ከዚያ የጥይት ሣጥኑን ከምሽጉ አወጣሁና ከአጣናው ማዶ፣ እሳቸው በቆሙበት፣ እንዲቀመጡበት አኖርኩላቸው።