የታነቀው ዲስክ

በኢንሹራንስ ድርጅቱ መዝገብ ቤት በስሟ የሚጠራት አልነበረም። መትረየስ ነበር የሚሏት፤ ኪቦርዱን ስትመታው ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። ባሏ ሲሞት አንድ ልጇን ያሳደገችው በእነዚያ ጣቶች ነው። ልጇን ያገባውን የኮምፒውተር ቴክኒሻንም ደጅ ጠንታ፣ “ልጄ ነው” ብላ ድርጅቱ ውስጥ ያስገባችው እሷው ናት።

አለቃው ወንበሯን ለሚስቱ እህት ፈለገው። መትረየስ ግን ቋሚ ሠራተኛ ናት፤ ያለ ጥፋት አትነሳም። ስለዚህ ቴክኒሻኑን ጠራው።

“የእሷን ማሽን ቀስ አድርግልኝ።”

“አማቴ እኮ ናት፣ ጋሼ።”

“አውቃለሁ። ኮንትራትህ መቼ እንደሚያልቅም አውቃለሁ። ሚስትህ እርጉዝ አይደለች?”

ሥራው የአፍታ ነው። በዚያ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው። ኮምፒውተሮቹ ቨርቹዋል ማሽኖች ናቸው፤ አንድ ሰርቨር ውስጥ ተደራርበው፣ አንድ ዲስክ ተጋርተው ያድራሉ። አንዱ ተስገብግቦ ሌላውን እንዳያስርብ፣ እያንዳንዱ በሰከንድ ምን ያህል እንደሚያነብና እንደሚጽፍ ሶፍትዌሩ ላይ ገደብ ይደረጋል። በጋራ ቧንቧ ላይ እንዳለ መዝጊያ ነው፤ ለሚያውቅበት ጥሩ ነገር። ቴክኒሻኑ የአማቱን መዝጊያ ጠብታ እስኪቀር ድረስ አጠበበው።

በማግስቱ መትረየስ አንድ የደንበኛ ፋይል መዝግባ ማሽኑ እንዲያስቀምጠው አዘዘች። ስክሪኑ ደርቆ ቀረ።

“ልጄ፣ ይሄ ነገር ምን ነክቶት ነው?”

መጣና ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው ምን ያህል እንደሚሠሩ ስክሪኑ ላይ አሳያት። ሁለቱም ሥራ ፈት ናቸው። ዲስክ ሲታነቅ እንዲህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ይመስላል፤ ገደቡን ማየት የሚችለው ደግሞ ሰርቨሩን የያዘው ሰው ብቻ ነው።

“ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ እማዬ። እርስዎ ነዎት እየደጋገሙ የሚነኩት። ረጋ ይበሉ።”

ረጋ አለች። ምሳ መውጣት ተወች። ፋይሉ ግን ተከመረ።

“መትረየሷ ጥይት ጨረሰች” አለ ተላላኪው።

“ጥይቱስ አለ፤ አፈሙዙ ነው የዛገው” አለች ገንዘብ ያዧ።

ቢሮው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች።

የምትኖረው ከልጇና ከአማቿ ጋር፣ በአንድ ኪራይ ቤት ነው። ማታ ማታ ጣቶቿን ሙቅ ውኃ ውስጥ ትነክር ጀመር። “እጄ አረጀ መሰለኝ” ስትል፣ አማቿ ዳቦውን እየቆረሰ፣ “ዕድሜ ነው፣ እማዬ፤ ምን ይደረጋል” አላት።

አለቃው በስብሰባ መሀል አስነሳት። “እትዬ፣ እርስዎን ስንጠብቅ ደንበኛው ሞቶ ወራሹ መጣ።” ሳቁ ጋብ ሲል አከለበት፤ “በችሎታ ማነስ ከማባርርዎ በክብር ቢለቁ አይሻልም?”

ለቀቀች። በፈቃዷ መልቀቋን የሚገልጸውን ወረቀት የጻፈችውም በራሷ እጅ ነው። እጇ እንዳረጀ አምናለች።

የአለቃው ሚስት እህት እዚያው ወንበር ላይ፣ እዚያው ማሽን ላይ ተቀመጠች። ቴክኒሻኑ ገደቡን ማንሳት ረስቶት ኖሯል። ልጅቷ ገና በመጀመሪያው ፋይል ተቀርቅራ ቀረች።

አለቃው በስልክ፣ “አንተ፣ እሱን ነገር ፍታው እንጂ” አለው።

ፈታው። ከምሳ በፊት “ልጅቷስ እጅ አላት” ተባለ። ለመትረየስ ደውሎ የነገራት የለም።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ሚስቱ፣ “ሥራ እንዴት ዋለ?” አለችው። ደስ ብሎት ነበርና ከአፉ አመለጠው። “አለቃው አመሰገነኝ። አዲሷ ልጅ ማሽኑ ተንቀራፍፎባት ነበር፤ ወዲያው ፈታሁላት።”

መትረየስ ጉርሻዋን አፏ ሳታደርስ አቆመች።

“የትኛው ማሽን?”

ዳቦ መቁረስ ጀመረ።

“መስኮቱ ጋ ያለው? የኔው?”

“እማዬ፣ እሱ እኮ...”

“ምኑን ነው የፈታኸው? ለኔ ምንም አልሆነም አላልከኝም?”

ልጇ ባሏን አየችው። እሱ ሳህኑን ያያል። ገባት፤ እንደገባትም ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ እናቷ ዞረች።

“እማዬ፣ አሁን ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ነው። ዳቦሽን ብዪ።”

መትረየስ ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ሁለቱን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ አንድ በአንድ ጣቶቿን እያነሳች መታ መታ አደረገችው። እንደ ድሮው ፈጣን ነበሩ።

“እባክሽ እማዬ” አለች ልጇ፣ “ጫጫታውን ተዪው።”